ስም ያልተጻፈበት አይገባም

ሰኞ፣ ማርች 4

ጠዋት ከሆስፒታል ተደወለ። «አቶ ክላረንስ ትሬቫስኪስ ሐሙስ ለዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ሳይመጡ ቀሩ፤ ደህና ናቸው?» አለችኝ ልጅቷ። እኔ ደግሞ ኮስተር ብዬ «ደብዳቤ ሳይላክለት ሰው በምን አውቆ ይመጣል?» አልኳት። ተልኳል። ከሦስት ሳምንት በፊት ተልኳል አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ጓሮ ዕቃ ቤት ሄድኩ። በፖስታ ሳጥናችን የሚጎርፈውን የማስታወቂያ ወረቀት ሁሉ ለክረምት ማንደጃ ብዬ እዚያ ነው የምከምረው። ክምሩን መሬት ላይ ዘርግፌ አንድ በአንድ አራገፍኩ። የሶፋ ካታሎግ፣ የጎማ ካታሎግ፣ የፒዛ ወረቀት፣ ቤታችንን ሊሸጥልን የሚመኝ ደላላ ፈገግታ፣ እንደገና የሶፋ ካታሎግ። ደብዳቤው እዚያ ውስጥ ነበር፤ በሶፋና በተደራራቢ አልጋ መካከል። ጥጉን ቀንድ አውጣ በልቶታል።

ባለቤቴ ክላሪ ይህን ቀን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ጠብቋል። ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ሞራ አለበት። ሻይ ከኩባያው አጠገብ ይቀዳል። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቱን ድመት «ና ቡችላዬ» ሲላት ሰማሁ። ሳጥኑን የምከፍተው እኔ፣ ክምሩን የምከምረው እኔ። ነገርኩት። «እንግዲህ ሶፋው ስንት ነበር?» አለኝ። በዚህ ሰውዬ ላይ መናደድ አይቻልም፤ ስለዚህ ንዴቴን ሁሉ ወደ ሳጥኑ አዙሬዋለሁ።

ሆስፒታሉ አዲስ ቀን በደብዳቤ ይልካል። እንደገና በደብዳቤ።

ረቡዕ፣ ማርች 6

ጠዋቱን ሙሉ ስልክ ላይ። በስማችን የሚልኩትን አንድ በአንድ ደውዬ ከመዝገባችሁ ሰርዙን አልኳቸው። የመስሚያ መሣሪያ ሻጩ ድርጅት «ከመሰረዝዎ በፊት ነፃ ስጦታ ልንልክልዎ?» አለኝ። በምን ትልከዋለህ ብለው፣ በፖስታ አለኝ።

ለሌሎቹ ፖስታውን ሳልከፍት «ወደ ላኪው ይመለስ» ብዬ ጽፌ ፖስታ ቤት መልሼ ከተትኩ። አሥራ አንድ ፖስታ። አውራ ጣቴ ቆረጠመኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 9

ስም የሌለውን ወረቀት የሚያድለውን ሰው ያዝኩት። ዱጋል ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካታሎጉን በአሮጌ የሕፃን ጋሪ እየገፋ የሚዞር። ከጽጌረዳው ጀርባ አድፍጬ ጠብቄ ብቅ ስል ደነገጠ።

«ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን አታነብም?» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አየ። «እትዬ፣ እሱ ጽሑፍ ነው እንዴ? እኔ የቀንድ አውጣ ዱካ መስሎኝ።»

እውነቱን ነው። «ማስታወቂያ አይፈለግም» የሚለውን ተለጣፊ ፀሐይ ጨርሳዋለች።

«በግልጽ ይጻፉልኝ እንጂ እኔ ሕግ አከብራለሁ» አለኝ፤ ከዚያም ሕጉ ገና ስላልተጻፈ ይመስላል፣ አንድ የሣር ማጨጃ ካታሎግ አስገብቶ ሄደ።

ሰኞ፣ ማርች 11

ሠራሁት። ከጓሮ ሳንቃ አመጣሁ፣ ነጭ ቀባሁት፣ በቀይ ጻፍኩበት። «ስም ያልተጻፈበት ወረቀት እዚህ አይገባም።» ጽፌ ስጨርስ የሳንቃው ግማሽ ባዶ ቀረ። ባዶ መተው ስለማይሆንልኝ ትንሽ ጨመርኩበትና ሳጥኑ የቆመበት ግንድ ላይ ቸነከርኩት። ክላሪ ከበረንዳው ሆኖ «ምን ይላል?» አለኝ። ለእሱ ቀይ ጭረት ብቻ ነው። «ማስታወቂያ አይፈለግም፣ እናመሰግናለን ይላል» አልኩት። ከሞላ ጎደል እንደዚያ ነው።

እሑድ፣ ማርች 17

ሳጥኑ ባዶ። ሰኞ ባዶ፣ ማክሰኞ የመብራት ደረሰኝ፣ ረቡዕ ባዶ። ቀንድ አውጣዎቹ ሳይቀሩ ለቀው ወጡ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዱጋል ሐሙስ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ቆሞ አነበበው። ሁለት ጊዜ ያነበበው መሰለኝ። «እትዬ፣ ይሄን አይቶ ውሻም እዚህ ግንድ ላይ አይሸናም» አለኝ። እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 2

የመስሚያ መሣሪያ ሻጩ መሰረዛችንን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ላከ። ውስጡ ካታሎግ አለ።

ሌላ ጉድ። ዕቃ ቤት ውስጥ ከባልዲው ሥር አራት አዳዲስ የጥገና መሣሪያ ካታሎጎች አገኘሁ። እያንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ «ለክላሪ» ተብሎ ተጽፏል። ወንጀለኛውን አፋጠጥኩት።

«ዱጋል ነው፤ ጥግ ላይ አግኝቶኝ» አለ ክላሪ። «ስም ካለበት ይገባል ይላል ሕግሽ ብሎ ነገረኝ። ስም ጻፍልኝ አልኩት።»

«አንተ እንኳን ልታነበው አትችልም።»

«ሥዕሉን በግርድፉ አየዋለሁ። መሰርሰሪያ እንደሆነ ይገባኛል።»

አራቱንም ተውኩለት። ሕግ ሕግ ነው።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 15

መጣ። ብቻውን፣ ንጹሕ ሳጥን ውስጥ፣ ጥጉ ያልተበላ። አንድ ሰው ሰርዞ ቦታ ስለተገኘ ክላሪ ሜይ 13 ቀኝ ዓይኑ ይሠራል። ደብዳቤውን ይዤ ስሮጥ ነጠላ ጫማዬ ወልቆ ቀረ። ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አዳምጦ ሲጨርስ «ያ ሳንቃሽ የዋዛ አይደለም» አለኝ። ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት፤ አሁን ወጥ ቤት በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 18

ፀጉሬ ላይ ሻምፑ እንዳለ ውኃ ጠፋ። እስከ ማታ። አንገቴ ላይ ፎጣ ጠምጥሜ ወጣ ስል መንደሩ ሁሉ ባልዲውን ሞልቶ ተዘጋጅቷል። «ሰኞ ዕለት ወረቀት በየሳጥኑ አስገብተው የለም እንዴ?» አለኝ የጎረቤቱ ሰውዬ። ለእኛ ማን ይንገረን። ዘንድሮ በዚህ መንገድ ሰው ለሰው ማሰብ ትቷል።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 27

የፓስቲው ወረቀት እስካሁን አልመጣም።

ሁልጊዜ በዚህ ሳምንት ይመጣል። የሜይ የመጨረሻ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ለአዳራሹ ጣሪያ ዘጠኝ መቶ ፓስቲ ይጋግራሉ፤ ሥጋ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ቀይ ሥር ሊጥ ውስጥ ታጥፎ፣ ጠርዙ ተጎንጉኖ፣ ምድጃ ውስጥ። ግሌኒስ ፔንጊሊ የኮሚቴው ጸሐፊ ናት። አንዱን ወረቀት ለሁለት አጥፋ ከነማዘዣው በእግሯ እየዞረች በየሳጥናችን ትከታለች፤ ማን ይልጣል፣ ማን ይከትፋል፣ ማን ይጎነጉናል። የእኔ ቦታ ከመጎንጎኛው ጠረጴዛ ጫፍ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት። ቁመቴ ስለማይበቃ የምቆምበት የራሴ ሳጥን አለኝ።

እዚህ ከተማችን ዋላሩ ውስጥ ጠርዝ መጎንጎን ቀልድ አይደለም። የመዳብ ማዕድን ይቆፍሩ የነበሩት ቅድመ አያቶቻችን ፓስቲውን ይዘው ነበር ጉድጓድ የሚወርዱት። የማን የማን እንደሆነ እንዳይምታታ ሚስቶቻቸው ጥጉ ላይ የስማቸውን ፊደል በሊጥ ይሠሩላቸው ነበር። ሰውየው ከስሙ ማዶ ካለው ጫፍ ጀምሮ ይበላል፤ ግማሹን ቢያስቀምጠው ስሙ አብሮት ይቀራል። እኛ ዘጠኝ መቶ ስንጋግር ማን ስም ይጽፋል። ጠርዙ ግን መጥበቅ አለበት።

ባለፈው ዓመት ከኔ ትሪ ዘጠኙ ፈነዱ። አውራ ጣቴ እያመመኝ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። ግሌኒስ ትሪውን ከፍ አድርጋ «ዘንድሮ ሜርል ጠርዙን በዓይኗ ነው እንዴ የጎነጎነችው?» አለች። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ረቡዕ፣ ሜይ 1

የለም። ሳጥኑን አራት ጊዜ ከፈትኩት።

ዓርብ፣ ሜይ 3

ሥጋ ቤት ውስጥ ግሌኒስ ከፊቴ ሁለት ሰው ቀድማ ቆማለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ከሻጩ ጋር ስታወራ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

«ምን ታደርገዋለህ፣ አንዳንድ ሰው በሩን ዘግቶ አትምጡብኝ ካለ፣ ሰው የተነገረውን ይሰማል እንጂ ዘሎ አይገባም» ትላለች።

ማንን እንደሆነ እንጃ። ጥግ ላይ ያሉትን፣ ውሻ ያላቸውን አዲስ ሰዎች ይመስለኛል። እውነቷን ነው፤ እነሱ ሰላምታ እንኳን አይመልሱም።

ዞር ስትል አየችኝ። «ሜርል» አለች። «ግሌኒስ» አልኩ። ስለ ፓስቲው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቋሊማ ልገዛ ሄጄ የተፈጨ ሥጋ ይዤ ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 7

አሁን ነገሩ ገባኝ፤ አውጥተውኛል። በቃ። በዘጠኝ ፓስቲ ሠላሳ አንድ ዓመት ተረሳ። እንዲያው በግልጽ «ሜርል፣ እጅሽ ደክሟል፣ ዘንድሮ ድንች ላጪ» ቢሉኝ አንድ ነገር ነው። እልጥ ነበር እኮ። ከግሌኒስ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንተዋወቃለን። በሠርጌ ቀን የቀሚሴን ጅራት ረግጣ የቀደደችው እሷ፣ ቁጭ ብላ የሰፋችው እሷ። ደውዬ ብጠይቃትስ? ምን ቆርጦኝ። ያልጠሩኝ ድግስ ደጅ ላይ ቆሜ አልለምንም።

ክላሪ «ደውይላት» አለኝ።

«የእሷ ስልክ አይሠራም እንዴ? እሷ ትደውል።»

«እሷም እንደዚሁ ብላ ይሆናላ።»

«እሷ ምን ሆና?»

ትከሻውን ሰበቀና ሊቀመጥ ሲል የድመቷ ጅራት ላይ ተቀመጠ። የጎረቤቱ ድመት እኛ ቤት ምን እንደምትሠራ ሌላ ጉዳይ ነው።

ተለማመድኩ ደግሞ። ሊጥ አቡክቼ ስድስት ጎነጎንኩ። አንዱም አልፈነዳም። ለማን እንደምለማመድ እኔ አላውቅም። እራታችን ፓስቲ ሆነ።

ሰኞ፣ ሜይ 13

አደላይድ ሆስፒታል ደርሰን መጣን። ቀዶ ሕክምናው ሃያ ደቂቃ ብቻ ፈጀ። ዓይኑ ላይ መሸፈኛ አድርገውለታል። ሐኪሟ በወሬ እንዳይንቀሳቀስ ዝም በል ስላለችው ለመጀመሪያ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ዝም አለ። ደክሞኛል። ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ ሜይ 14

መሸፈኛው ተነሣ። መጀመሪያ የመጋረጃውን ቀለም አየና «ሰማያዊ ነው እንዴ? እኔ አረንጓዴ መስሎኝ ነው ሁለት ዓመት የኖርኩት» አለ። ከዚያ ወለሉን አየ፣ የምድጃውን ጀርባ አየ፣ አስተያየት ሊሰጥ ሲል አየሁት፤ ተወው። በመጨረሻ እኔን አየኝ። ብዙ አየኝ።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም። አለሽ» አለኝ።

ሽንኩርት ልክተፍ ብዬ ተነሣሁ።

እሑድ፣ ሜይ 19

ያገኘውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል። የሶስ ጠርሙስ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የሳሙና ጀርባ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመዝሙሩን ቁጥር ከሰሌዳው አነበበና ሰው ዞረ።

ግሌኒስ በር ላይ ክላሪን እጁን ጨብጣ «እንኳን ለዚህ አበቃህ» አለችው፤ ከልቧ ነው። ለኔ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ነቀነቅሁ። ሁለት እንሽላሊቶች ነው የምንመስለው። ቅዳሜ ሌሎቹ ሲጋግሩ ምን እንደምሠራ አላውቅም፤ ልብስ አጥባለሁ።

ሐሙስ፣ ሜይ 23

ይህን ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው።

ከሰዓት ክላሪ መስኮት አጠገብ ቆሞ ከመንገድ ማዶ ያለ መኪና ላይ የተጻፈ ሲያነብልኝ ነበር። ከዚያ ወጣ። ከአጥሩ ውጭ ድረስ ሄደ። ወደ መንገድ በዞረው ሳንቃ ፊት ረጅም ሰዓት ቆመ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አመመው ብዬ ሮጥኩ። እየሳቀ ነው።

«ሜርልዬ፣ ‹እናመሰግናለን› የሚለው የቱ ጋ ነው?»

«ይኸው፣ ማለቴ፣ መንፈሱ እንደዚያ ነው።»

ጮክ ብሎ አነበበው፤ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ። «‹ስም ያልተጻፈበት ወረቀት እዚህ አይገባም። ማንም ይሁን ማን። ኮሚቴም ቢሆን። ከመስኮት አያችኋለሁ።›»

«ኮሚቴ ያልኩት የመኪና ማቆሚያውን ኮሚቴ ነው» አልኩት። «በየሳምንቱ እኮ ነው ወረቀታቸው።»

«የቱ ኮሚቴ እንደሆነ ጽፈሻል?»

«ሳንቃው አልበቃኝም።»

ሳቁን ጠረገ። «የፓስቲው ወረቀት ላይ ግሌኒስ ስም ትጽፋለች?»

አትጽፍም። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን ጽፋ አታውቅም። ለሁሉም አንድ ወረቀት ነው። ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ውኃ የጠፋበት ቀን ትዝ አለኝ፣ ሥጋ ቤት ውስጥ ያለችው ትዝ አለኝ። ጥግ ላይ ያሉት ውሻ ያላቸው ሰዎችማ ምንም አላደረጉም። ግሌኒስ ደግሞ «ሣር አትርገጡ» የሚል ካየች አስፋልቱን ዞራ የምትሄድ ሴት ናት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ፊቴ ጋለ።

«ሂጂ ደውይላት» አለ ክላሪ።

አልደወልኩም። በስልክ የሚባል ነገር አይደለም። ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ቢያስወጡኝ ያስወጡኝ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 25

ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ አዳራሹ በር ላይ ነበርኩ። ሽርጤን ከኮቴ ሥር ለብሼዋለሁ፤ ከመለሱኝ ማንም እንዳያይ ብዬ። ውስጥ ሴቶቹ ድንች እየላጡ ነው። ስገባ ወሬው ቀዘቀዘ። የመጎንጎኛውን ጠረጴዛ አየሁ። ጫፉ ላይ ማንም የለም። የምቆምበት ሳጥን ግን እዚያው ተቀምጧል፤ ተጠርጎ።

ግሌኒስ እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ሆኖ መጣች።

«መጣሽ» አለች።

«መጣሁ።»

«ወረቀት አላስገባንልሽም።»

«አውቃለሁ።»

«የፖስታ ሳጥንሽ ድረስ መጥቻለሁ እኮ። ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ አነበብኩት፣ ተመለስኩ። ሁለተኛ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ መነጽር አድርጌ መጣሁ። ኮሚቴም ቢሆን ይላል።»

«የመኪና ማቆሚያውን ነው።»

«አልጻፍሽውማ።»

«ሳንቃው አልበቃኝም፣ ግሌኒስ።»

እጇን በሽርጧ ጠረገች። ድንች ላጮቹ እየላጡ ጆሯቸውን ጥለዋል። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ባለፈው ዓመት በትሪው ስለቀለድኩብሽ የተቀየምሽኝ መስሎኝ ነው። ሳንቃው ለኔ የተጻፈ መሰለኝ» አለች።

አይ፣ ምን ተቀይሜ፣ ልል ነበር። «ተቀይሜስ ነበር» አልኳት። «አውራ ጣቴን አሞኝ ነበር የፈነዳብኝ። ሳንቃው ግን ለካታሎግ ነው።»

«ጣቴን አሞኛል አትይም ነበር?»

«አንቺስ ሳጥኑን ከማንበብ በሬን አታንኳኪም ነበር?»

«ከመስኮት አያችኋለሁ ይላላ» አለች፤ ይሄኔ አንዷ ድንች ላጭ በሳቅ ፈነዳች፤ አዳራሹም ተከትሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የዘንድሮው ሳቅ እውነተኛ ነው።

ኮቴን አወለቅሁ። ሽርጤን አየችው። አጠገቤ ቆማ በትከሻዋ ገፋ አደረገችኝና እስከ ስምንት ሰዓት ጎነጎንን። እኔ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ሁለት ፈነዱ። አንዱ የሷ ነው እላለሁ፤ የኔ ነው ትላለች። አሁን እስክሪብቶ መያዝ አቅቶኛል፣ ጣቴ ቆሟል።

እሑድ፣ ሜይ 26

ጠዋት ክላሪ በፒጃማው ግቢ ወጥቶ «ሜርል፣ ፖስታ መጥቷል» አለኝ። በእሑድ ፖስታ የለም። ዓይኑ ነው የሚያታልለው ብዬ ወጣሁ።

ሳጥኑ ውስጥ በንጹሕ ፎጣ የተጠቀለለ አንድ ፓስቲ አለ፤ ገና ለብ ያለ። ደብዳቤ የለውም። ጥጉ ላይ በሊጥ የስሜና የቤተሰባችን ስም መጀመሪያ ፊደሎች ተሠርተዋል፤ ጥርት ብለው፣ ወርቅ መስለው።

ክላሪ ጎንበስ ብሎ በአዲሱ ዓይኑ ፊደሉን መረመረ። «ስም አለበት» አለ። «ሕጉን ጠብቃለች። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ሳንቃውን አላነሣሁትም፤ ግራ ዓይኑ ገና ይቀራል፣ ደብዳቤው በሰላም መምጣት አለበት። ብሩሽ አምጥቼ ከሥር በቀረችው ጥግ ላይ «ከግሌኒስ በቀር» ብዬ ጨመርኩ። ጠጋ ጠጋ አድርጌ ስጽፈው በቃኝ።

ከዚያ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ፓስቲውን በላሁ። ለክላሪ ከመሐል ቆርሼ ሰጠሁት። ከማዶ ጀምሬ ነው የበላሁት፤ ስሜን ለመጨረሻ አስቀረሁት።